ውሃ ልክ

ከኅብረት ሱቁ በር አጠገብ፣ ከበረዶው ማሽን ጎን፣
አንድ የቡሽ ሰሌዳ ነበር፤ ነፋስ የሚነቅለው ሚስማሩን።
ከስካሎፕ መፈልፈያው ስወጣ፣ ጣቴ በጨው ተላልጦ፣
ቆሜ አነበው ነበር፣ ዓይኔ በላዩ ፈጦ፦

«ድመት ጠፋችብኝ፤ ግራጫ፤ አንድ ጆሮዋ የተበላ፤
ቬልማ ትሬፍሪ።» ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ በእጅ ጽሕፈት በሌላ፦
«እኔ ቤት ናት። ወፍራለች። አልሰጥም።»
ከዚያ በታች፦ «ደረቅ እንጨት አለኝ። በስልክ አልነጋገርም።»

ዝናብ ይህን ሲልሰው አንጀቴ አልቻለም።
በደረሰኝ ጀርባ፣ በምሳ ዕቃዬ ክዳን ላይ ገለበጥኩት።
በከተማው ጋዜጣ የማኬረል ኮቭ ስም የሚነሣው
አንድም ጀልባ ሲሰጥም ነው፣ አንድም ማዕበል ጣራ ሲያነሣው።
በመሃል ያለውን ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ማን ይጻፈው?
ኤልፌዥ ኮሞ ጭጋግ ሲወርድ በሬዲዮ እያንጎራጎረ፣
ሌሎቹን በድምፁ እየመራ ወደቡን እንደሚያሳልፈው፣
ማን ይንገርለት?

አሥራ ስድስት ገጽ አልኩ። ብዙ አልተመኘሁም።
«ማባዣውን ማታ ማታ ተጠቀሚበት፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም»
አለች የቤተ መጻሕፍቷ ዶሪን።
የስቴፕለሩ ሽቦ በመቶ አርባኛው ቅጂ አለቀ፤
የቀረውን በመረብ ክር ሰፋሁት፤ ወፎቹ ሲጮኹ ተጠናቀቀ።

ስሙን «ውሃ ልክ» አልኩት።
አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ከኪሱ የማትለይ አንዲት ብልቃጥ፣
ዐረፋዋ እየዋኘ የዘመመን ግንብ የምታጋልጥ።
በፈንዲ ዳር ግን ውሃው ራሱ ልክ የለውም፦ ስምንት ሜትር ይወጣል፣
ስምንት ሜትር ይወርዳል፤ ጠዋት ከመንገድ እኩል የነበረ ጀልባ
ከሰዓት ጭቃ ላይ ይቀመጣል።

ገጽ ሁለት ላይ የሙላቱን ሰዓት ጻፍኩ፣ የወሩን ሁሉ፣ በእጄ።
እኔ ግን ጠዋትን አንድ ብሎ ከሚቆጥር አገር ነኝ፤
አሥሩን አራት አልኩት፣ እጄ እንደለመደው፤ ልቤም አልነገረኝ።
ስድስት ሰዓት ስህተት ሌላ ቦታ ቀጠሮ ያስቀራል፤
እዚህ ባሕሩን ነቅሎ ይወስዳል።

ዓሣ አጥማጆቹ አልተሳሳቱም፤ ሙላቱን በጉልበታቸው ያውቁታል።
ኦርቪል ዴንተን ግን የመድኃኒት ቤት ሰው ነው፣
የታተመ ነገር ያምናል።
በጡረታው የገዛት ጀልባ ከምሳ በኋላ በጠባቡ ቦይ ስትመለስ፣
ውሃው እየሞላ ነው ብሎ፣ ፉጨቱን እያፏጨ፣
መንደሩ ሁሉ ከድልድዩ እያየው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ።
እስኪመሽ ተቀመጠ። የሚያነበው ከመቀመጫው ሥር
የኔ መጽሔት ብቻ ነበረ።

ማታ በሬ ተንኳኳ።
ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ በእጁ የተጠቀለለ ወረቀት።
መጽሔቴ አንድ ቀን ኖረ፣ ነፍስ ይማር አልኩ፤ ተዘጋጀሁ ለስድብ።
«ሁለት ጊዜ ጨረስኩት» አለ። «ገጽ ዘጠኝ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።
ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ያቺ ከሰሌዳው ጀርባ ያገኘሻት ፎቶ፣
ስሟን ያላወቅሽው፣ ቢላዋ ይዛ የምትስቀው…»
ጭቃው ከቦት ጫማው ወለሌ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።
«እናቴ ናት። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

ሃያ ዶላር ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የዓመት ክፍያ።
«ማረሙን ለኔ ተይው፤ አርባ ዓመት የሐኪም ጽሕፈት አንብቤ
አንድ ሰው አልገደልኩም» አለና ሄደ፣
ደረጃውን ሁሉ እያጨቀየ።

የሁለተኛው እትም፣ ገጽ ሁለት፦
እርማት። ባለፈው ወር አራት ሰዓት ያልነው ሙላት አሥር ሰዓት ነው።
ገጽ አሥራ አንድ ላይ ቢላዋ ይዛ የምትስቀው መርል ናት፣ የኦርቪል እናት።
የቬልማ ድመት እስካሁን አልተመለሰችም።
ይበልጥ ወፍራለች ይባላል።